የካውያው ጫፍ ሲጠቁር

ጥያቄ፦ አዳማ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ትንንሽ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ እሠራለሁ። ባለ 30 ዋት የመበየጃ ካውያ ገዝቼ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ጫፉ ጠቆረ። ሊዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ሽቦ) አልይዝ ይላል፣ እንደ ዶቃ ተጠቅልሎ ይወድቃል። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው አንድ ቀን ደህና ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ባሰበት። ሙቀቱ የሚስተካከል የመበየጃ ስቴሽን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ገንዘብህን ያዝ። የብርጭቆ ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ከጠረጴዛህ አንሳው።

የአብዛኛው ካውያ ጫፍ ውስጡ መዳብ ነው፣ መዳብ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋላ። ችግሩ፣ መዳብ የቀለጠ ሊድ ሲነካው ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል። ስለዚህ ፋብሪካው በላዩ ስስ የብረት ልባስ ያደርግለታል። አንተ በብርጭቆ ወረቀት ያነሳኸው ያንን ልባስ ነው። መዳቡ ሲጋለጥ አንድ ቀን ሊዱን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ከዚያ መቦርቦር ይጀምራል። ያ ጫፍ ከእንግዲህ አይመለስም። የሚቀየር ዓይነት ከሆነ ጫፉን ብቻ ግዛ፣ ካውያህ ምንም አልሆነም። (ጫፋቸው ልባስ የሌለው ራቁት መዳብ የሆኑ በጣም ርካሽ ካውያዎች አሉ፣ የሚሞረዱት እነሱ ብቻ ናቸው።)

መጀመሪያ ለምን ጠቆረ? ግሎ፣ ሊድ ሳይለብስ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስለቆየ ነው። የጋለ ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፣ ያ ጥቁር ዝገት ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ያኔ ሰው ካውያው የደከመ ይመስለውና ቦርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ የሚበየዱበት ሰሌዳ) ላይ ይጫነዋል፣ ደጋግሞ ያቆየዋል፣ በመጨረሻ የቦርዱ መዳብ ተልጦ ይነሳል። እኔም በጀማሪነቴ አንድ የሚያምር ቦርድ እንዲሁ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲሱን ጫፍ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞቅ፣ ሊዱ መቅለጥ በጀመረባት ቅጽበት ዙሪያውን አልብሰው። በሥራ መሃል በናስ ሽቦ ጥቅል ወይም በረጠበ ስፖንጅ ጥረገው፣ ስፖንጁ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይጠጣ። ስትጨርስ ግን አትጥረገው! ደህና አድርገህ ሊድ አልብሰህ፣ እንደዚያው ይቀዝቅዝ። ለአሥር ደቂቃ እንኳን የምትነሳ ከሆነ ንቀለው። ይህን ያደረገ ሰው አንድ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ይጠቀምበታል።

የጫፉ ቅርጽም ወሳኝ ነው። አብዛኛው ካውያ ከመርፌ መሰል ሹል ጫፍ ጋር ይሸጣል፣ ጀማሪውም ለረቂቅ ሥራ የሚሻለው እሱ ይመስለዋል። ግን ሹል ጫፍ ቦርዱን የሚነካው በነጥብ ያህል ስለሆነ ሙቀቱ አይተላለፍም። 2 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው እንደ መሮ ጠፍጣፋ ጫፍ ውሰድ። ለሬዲዮም ለማጉያም የሚሆንህ እሱ ነው።

አበያየዱን በተመለከተ፣ ሊዱን ጫፉ ላይ አቅልጠህ ወደ ቦርዱ አትውሰድ፣ ውስጡ ያለው ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳው ነገር) ሳትደርስ ተኖ ያልቅብሃል። ጫፉን የክፍሉን እግርና የቦርዱን መዳብ በአንድ ላይ አስነካው፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ሊዱን በተቃራኒው በኩል አቅርብ። ራሱ ፈስሶ እግሩን እንደ ተራራ ግርጌ ከከበበው ተይዟል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ካለ ግን ሙቀት አልደረሰውም ማለት ነው። ሊዱ መሃሉ ፍለክስ ያለው፣ 60/40 ወይም 63/37 የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። 63/37 የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ነው፣ ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ ከሆነ ግን ከ330 እስከ 350 ላይ ታደርገዋለህ። ለቆርቆሮና ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ፓስታ ቦርድ ላይ በፍጹም እንዳታደርግ፣ ውሎ አድሮ መስመሮቹን ይበላል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም መግዛት ካማረህ፣ ባለ 60 ዋት ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ በቂህ ነው። ከመክፈልህ በፊት ግን ባለሱቁን ስለ መለዋወጫ ጫፍ ጠይቀው። ጫፍ የማይገኝለትን ካውያ በነፃ ቢሰጡህ እንኳን አትውሰድ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለገና አዲስ አበባ ስገባ ኤሌክትሮኒክስ ለሚወደው የእህቴ ልጅ ካውያ ላመጣለት አስቤያለሁ። ከዚህ የተገዛው እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ እንኳን ሳይገዙ ጠየቁ። አሜሪካ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ካውያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ ደግሞ 220 ነው። ቮልቱ እጥፍ ገደማ ሲሆን ኃይሉ ከሦስት እጥፍ ያልፋል፣ ባለ 40 ዋቱ ከ130 ዋት በላይ ሊስብ ነው። ወዲያው ይቃጠላል። የሶኬት መለወጫ ብቻ ደግሞ ቮልቱን አይቀንሰውም።

በዩኤስቢ ሲ የሚሠራ ካውያ ያምጡለት፣ ለምሳሌ ፓይንሲል የሚባለው ከ12 እስከ 24 ቮልት ይቀበላል። አብሮ 65 ዋት የሚሰጥ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ቻርጀር ይጨምሩለት። ተራ የስልክ ቻርጀር በወጉ አያሞቀውም። መብራት ሲጠፋም ኃይለኛ ፓወር ባንክ ካለው ሥራው አይቋረጥበትም። ሁለት ትርፍ ጫፍ አይርሱ፣ ልጁ ከካውያው በላይ ስለ እነሱ ያመሰግንዎታል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ሲበይድ ይውላል። ጭሱ ያሳስበኛል፣ እርሳስ አለበት ይላሉ። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት እናቴ፣ ጠረጴዛውን ግን ይለውጡለት። የሚያዩት ጭስ የፍለክሱ ነው፣ በካውያ ሙቀት እርሳስ አይተንም። ያ ጭስም ቢሆን ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። መስኮት ከፍቶ፣ ትንሽ ፋን ካለች ጭሱን ከፊቱ እንድትወስድለት አድርጎ ይሥራ።

እርሳሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። እየበየደ አይብላ፣ ሊዱን በጥርሱ አይያዝ፣ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የወደቁትን ፍርፋሪዎች በእርጥብ ጨርቅ ይልቀማቸው፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ። መነጽርም ያድርግ፣ የክፍሎቹ እግር ሲቆረጥ ወደ ዓይን ይፈናጠራል።

ካቃጠለው 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዙለት። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት።