ምጣዱ ሲበራ ሶኬቱ ለምን ይግላል?

ልጆቼ፣ ኤሌክትሪክ ሙያ የጀመራችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ቮልቴጅን (የሚገፋውን፣ በቮልት የሚለካውን)፣ ከረንትን (የሚያልፈውን፣ በአምፔር የሚለካውን) እና ሬዚስታንስን (ይዞ የሚያግደውን፣ በኦም የሚለካውን) ለፈተና ብቻ አትያዟቸው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ያሳተመው ሕግ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ቮልት ማለት አምፔር ሲባዛ በኦም፣ አለቀ። ቤት ውስጥ ግን ጉዳዩ የሚለየው እንጀራ የሚጋገር ቀን ነው።

3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ እንያዝ። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ምጣዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን ግን እንደበራ ትታችሁ፣ የስፒናውን ሁለት እግሮች በመልቲሜትር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ብትለኩ 14 ኦም አካባቢ ታገኛላችሁ። 220ው ይገፋል፣ 14ቱ ይይዛል፣ የሚያልፈው 16 ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አሁን ሶኬቱ ውስጥ ሽቦውን የያዘው ብሎን ላላ እንበል። እዚያች ቦታ ላይ ግማሽ ኦም ተጨመረ። ግማሽ ኦም ምን አላት ትሉ ይሆናል። ከረንቱ ወደ 15.4 ይወርዳል፣ ምጣዱ ትንሽ ይዘገያል፣ ማንም ልብ አይለውም። ሙቀቱ ግን የሚሰላው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው፤ ወደ 120 ዋት ይሆናል፣ ያውም ከጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ የሽቦው ጫፍ እየተቃጠለ ሬዚስታንሱ ይብሳል፣ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከሩስ? አይወርድም። እሱ የሚያውቀው ከረንት ነው፣ ከረንቱ ደግሞ እንዲያውም ቀንሷል። «ብሬከሩ እስካልወረደ ችግር የለም» ሲባል የምደነግጠው ለዚህ ነው፤ ምጣዱ ጋ የምትቆመው እናታችሁ ናት።

ሶኬቱን ባዶውን ለክታችሁ 220 ስላገኛችሁም አትርኩ። ከረንት ካላለፈ በላላው ቦታ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም፤ ስለዚህ የተበላሸውም መስመር ደህና ይመስላል። ምጣዱን አብሩና ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ብሬከሩ ጋ ለኩ፣ ከዚያ ሶኬቱ ጋ። ብሬከሩ ጋ 218፣ ሶኬቱ ጋ 195 ከሆነ የጎደለው 23 ቮልት መንገድ ላይ ሙቀት ሆኗል። ወይ መገጣጠሚያ ላልቷል፣ ወይ ሽቦው ለምጣዱ ቀጭን ነው። 1.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር) ለመብራት ነው፤ ለምጣድ ቢያንስ 2.5፣ መንገዱ ከረዘመ 4 ካሬ ዘርጉ። ሽቦው እየጋለ ትልቅ ብሬከር መቀየር ቤት ማቃጠል ነው፣ ደንበኛው ቢለምናችሁም እንቢ በሉ።

ስትጠግኑ ብሬከሩን አውርዱ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመልቲሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ ክፈቱ። የሰውን ልብ ለማወክ 16 አምፔር አያስፈልግም፣ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ አደጋ ነው፤ እጅ ከረጠበ ደግሞ የሰውነት ሬዚስታንስ ይወርዳል። የጠቆረ ሶኬት ካገኛችሁ ብሎኑን አጥብቃችሁ አትለፉት፣ አውጥታችሁ ጣሉት፣ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍም ቁረጡና አዲስ ግጠሙ።