በእንግሊዟ የዮርክ ከተማ ፊቱ ጡብ የሆነ ቤት፣ ውስጡ ጥንታዊ የእንጨት ቤት መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከፊቱ አይጀምሩ፤ ጣሪያው ሥር ይውጡ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የእንጨት ቤቶች የጡብ ፊት ሲለብሱ ጣሪያቸው ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ቀርቷል።

የጣሪያው ወራጆች በጥላሸት ከጠቆሩ፣ ጭስ ማውጫ ከመሠራቱ በፊት መሬት ላይ እሳት የሚነድበት፣ እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነበር ማለት ነው። የላይኛው ወለል እዚያ ላይ በኋላ የገባ ነው።

ቀጥሎ አግዳሚዎቹን ከሥር ይዩ። ባዶ የመጋጠሚያ ቀዳዳ ከተደረደረ፣ እዚያ የነበረ የእንጨት ግድግዳ ተነሥቷል። አናጢዎች እንጨቶቹን በተርታ ለመግጠም መጋጠሚያው አጠገብ የቀረጹትን የሮማ ቁጥር ባትሪ በጎን እያበሩ ይፈልጉ።

ቁጥሩ ተርታውን ከሳተ እንጨቱ ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥላሸቱም አብሮት መጥቶ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ እንጨት ብቻ የቤቱን ዕድሜ አይወስኑ። ጥላሸቱን ደግሞ በአሸዋ ግፊት አያስጠርጉ፤ የአናጢው ምልክትም አብሮ ይጠፋል።