የዩኒየን መዋጮ ለዚህም ነው

የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እዩት። ከታክሱና ከኢንሹራንሱ ሥር አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች፤ የዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ መዋጮ። ብዙዎቻችን «ዝም ብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ» እንላታለን። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዛው እል ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አብራኝ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ልጅ ናት። አንድ ቀን ጠዋት አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጥግ ይዛ አገኘኋት። የቁልፍ ካርዷን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። እንግዳው በሩን ዘግቶባት፣ ታግላ ነው ያመለጠችው። ለሱፐርቫይዘሩ ስትነግረው «ሌላ ፎቅ እንቀይርሽ» አላት። እሷ ተቀየረች፤ ሰውየው ሦስት ቀን እዚያው ክፍል አደረ።

ብቻዋን ብትሆን ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። የዩኒየን ተወካያችን ግን በዚያው ዕለት በጽሑፍ አቤቱታ አስገባች። ዩኒየኑ ከሆቴሉ ጋር ባደረገው ቀጣይ የኮንትራት ድርድር ላይም ጉዳዩ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ እኔም ተወካይ ሆንኩ።

ይህ የእኛ ሆቴል ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የቺካጎ የሆቴል ሠራተኞች ዩኒየን፣ ዩናይት ሂር ሎካል 1፣ ሴት ሠራተኞችን ጠየቀ። ከተጠየቁት የሆቴል ሠራተኞች 58 በመቶው እንግዳ ወሲባዊ ትንኮሳ እንዳደረሰባቸው ተናገሩ። ዩኒየኑ ይህን ይዞ ታገለ። በ2017 የከተማው ምክር ቤት ሆቴሎች ብቻቸውን ክፍል ለሚያጸዱ ሠራተኞች ሲጫኑት ዕርዳታ የሚጠራ የአደጋ ጥሪ ቁልፍ እንዲሰጡ በሕግ አስገደደ። አቤት ያለችውን ሴት መበቀልንም ከለከለ። ለእኔ ከቁልፉ ይበልጥ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሴቶቻችንን ዝም የሚያሰኛቸው «ሥራዬን አጣለሁ» የሚለው ፍርሃት ነውና።

ቤት ውስጥ የሚደርሰውስ? እሱም የዩኒየን ጉዳይ ነው። የሚደበድባት ሰው ሥራ ቦታ እየደወለ ይረብሻታል፣ ጠዋት ቁልፏን ይደብቅባታል፣ እንድትዘገይ ያደርጋታል። አለቃዋ የሚያየው መዘግየቷን ብቻ ነው። ስትባረር ደግሞ ትታው የምትወጣበት ገንዘብ አይኖራትም። የካናዳ የመኪና ሠራተኞች ዩኒየን ይህን ገብቶት፣ በ1993 ፋብሪካ ውስጥ ሴቶች በምስጢር የሚያማክሯት፣ ሥልጠና የወሰደች የሴቶች ተጠሪ እንድትኖር ተደራድሮ አስፈቀደ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ዩኒየኖች ለዓመታት ወትውተው፣ ከ2023 ጀምሮ የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ሠራተኛ በዓመት 10 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲያገኝ በሕግ ተደነገገ። እናንተ ኮንትራት ውስጥ ይህ አለ? ከሌለ ለቀጣዩ ድርድር አስመዝግቡት።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። አንዳንዴ ተንኳሹ እንግዳም አለቃም አይደለም፤ እንደናንተው መዋጮ የሚከፍል የዩኒየን አባል ነው። ያኔ ዩኒየኑ ሁለት ልብ ይሆናል። ለሁለቱ የተለያዩ ተወካዮች እንዲመደቡ ጠይቁ፤ ለሱ የሚከራከረው ተወካይ ያንቺን የአቤቱታ ቃል ተቀብሎ መመዝገብ የለበትም። ተንኳሹ ያገራችን ልጅ ሲሆን ደግሞ ሽማግሌ ነን ባዮች ይመጣሉ። «ወንድማችን ነው፣ እንጀራውን አትዝጊበት» ይሏታል። ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሷም እንጀራ እኮ ነው።

ነገር ከገጠማችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል ጻፉ። የምትጽፉት በራሳችሁ ስልክ ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አይሁን። ቶሎ በሉ፤ የአቤቱታ ጊዜ በብዙ ኮንትራቶች ውስጥ አጭር ነው። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ዩኒየኑ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ። የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ግን አያስተርጉምላችሁ፤ ወሬው ሳትጨርሱ ይወጣል።

በሥራ ዓለም የሚደርስን ጥቃትና ትንኮሳ ለማስቀረት በ2019 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ተለማማጆችንና ሥራ ፈላጊዎችን ሳይቀር ይሸፍናል። ወደ ሥራ ስትሄዱና ስትመለሱ የሚደርስባችሁንም ያካትታል። ጣሊያን፣ እንግሊዝና ካናዳ ተቀብለው አጽድቀውታል። ያላችሁበት አገር አጽድቆት እንደሆነ ተወካያችሁን ጠይቁ።

ዩኒየን የሌላቸውን እህቶቻችንንም አትርሱ። በ2015 ቤይሩት ውስጥ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ መንግሥት ዕውቅና ነፈጋቸው። ሰው ቤት ተዘግቶባት የምትሠራ ልጅ ተወካይ ፊት ቀርባ አቤት ማለት አትችልም። የእናንተ ዩኒየን ግን በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኖቹ በኩል ስለሷ መናገር ይችላል። በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ይህን አንሱ። ብቻችሁን ማንሳት ከከበዳችሁ ሌላ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ።