መተላለፊያውን ከማፍረስህ በፊት ዐሥሩንም መነሻዎች በሰከንድ ለካቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ካውንተር ስትራይክ ለተባለው የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት የቦምብ ካርታ፣ ማለትም አጥቂው ቦምብ ለማጥመድ ተከላካዩ ለመከልከል የሚታገሉበትን ሜዳ፣ ሠርተህ አጥቂው ቡድን ከልክ በላይ እያሸነፈ መቸገርህን፣ መካከለኛውን መተላለፊያ ለማጥበብ ማሰብህን፣ ዙሩ ሲጀመር ተጫዋቾቹ የሚነሡባቸውንም መነሻ ነጥቦች የት ብታስቀምጥ እንደሚሻል መጠየቅህን ተረድቻለሁ። መተላለፊያውን አትንካው። እኔ በዚሁ ምክንያት ስድስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ሳፈርስና ስሠራ ከርሜ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ አምስቱን የአጥቂ መነሻዎች በደረደርሁበት አሰላለፍ ውስጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንተም ያን ያህል ጊዜ እንድታጠፋ አልፈልግም። ሐመርን፣ ማለትም የካርታ መሥሪያውን ፕሮግራም፣ መጠቀም እንደምታውቅበት ስለምገምት ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ።

አንደኛ፣ ነጥቦቹ እርስ በርሳቸውም ሆነ ከግድግዳ ጋር እንዳይነካኩ አድርግ። የተጫዋቹ አካል በጨዋታው የርዝመት መለኪያ 32 ዩኒት ስፋትና 72 ዩኒት ቁመት ስላለው፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ቢያንስ 64 ዩኒት መተው ይገባል። በውድድር አጨዋወት የቡድን ጓደኛን አካል ሰንጥቆ ማለፍ ስለማይቻል፣ ተጨናንቀው የተነሡ ተጫዋቾች ዙሩ እንደተጀመረ እርስ በርስ ይገታታሉ። እያንዳንዱን ነጥብ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገህ ፊቱን ወደ መውጫው አዙረው፤ ሁሉም በመግዣው ክልል ውስጥ መሆናቸውንም አረጋግጥ፤ ከክልሉ ውጭ የተነሣ ተጫዋች መሣሪያ መግዛት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ለአምስት ሰው ብቻ ነጥብ አስቀምጠህ አትተው። ካርታህን ዐሥር ለዐሥር የሚያጫውት ሰርቨር ሊወስደው ስለሚችል ለየቡድኑ ተጨማሪ ነጥቦችን አዘጋጅ፤ ነገር ግን የነጥቦቹን ቅድሚያ በሚወስነው ቁጥር አማካይነት በጥንቃቄ የለካሃቸው አምስቱ አስቀድመው እንዲያዙ አድርግ። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ነጥብ ቅድሚያ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የጊዜ ጉዳይ አለ። ይህን ግን በአንድ መስመር ብነግርህ ሰምተህ ታልፈዋለህ፤ እኔም ሰዎች ነግረውኝ ሰምቼ አልፌው ነበርና፣ የደረሰብኝን እንዳለ ብተርክልህ ይሻላል።

በ2011 ዓ.ም. የሠራሁት ካርታ አሮጌ የእህል መጋዘን የሚመስል ነበር። አጥቂዎቹ ከረጅምና ጠባብ ግቢ ተነሥተው በአንድ በር ስለሚወጡ፣ አምስቱን ነጥቦች አንዱን ከአንዱ ኋላ በ96 ዩኒት ርቀት እንደ ሰልፈኛ ደረደርኋቸው። ከላይ ሲታዩ ያምሩ ነበር። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ነጥብ ግን 384 ዩኒት ነው፤ ቢላ የያዘ ተጫዋች በሰከንድ 250 ዩኒት ስለሚሮጥ፣ በሁለቱ መካከል ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ስሌት ሳልሠራ የቀረሁ እንዳይመስልህ። ሠርቻለሁ፤ የሠራሁት ግን አማካዩን ነበር። አጥቂዎቹ የመካከለኛውን መተላለፊያ ወደሚያዩበት ማዕዘን በአማካይ በ7.6 ሰከንድ ይደርሱ ነበር፤ ተከላካዮቹ ደግሞ ያን መተላለፊያ አቋርጠው በአማካይ በ7 ሰከንድ ከለላ ያገኙ ነበር። ተከላካዩ በግማሽ ሰከንድ ያህል ይቀድማል ብዬ ተማመንሁ። ይሁን እንጂ ከፊተኛው ነጥብ የተነሣ አጥቂ በ6.8 ሰከንድ ሲደርስ፣ ከሩቁ ነጥብ የተነሣ ተከላካይ የሚያቋርጠው በ7.4 ሰከንድ ነበር። አጥቂው ቢላውን አስገብቶ ጠመንጃ ለማውጣት የሚያጠፋው ጊዜ ቢታከልበት እንኳ ቀድሞ ይደርስና፣ ያ ተከላካይ ምንም ሳያጠፋ በሜዳ ላይ ይመታል። ጨዋታው በየዙሩ ነጥቦቹን በዕጣ ስለሚያድል፣ ይህ የሚሆነው ወደ መካከል የሚሄደው አጥቂ ፊተኛው ነጥብ ሲደርሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ የተጫዋቾች ችሎታ ወይም ዕድል ይመስለኝ ነበር።

ካርታውን ለአንድ ሰርቨር አስተዳዳሪ ልኬ መልስ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አንድ ምሽት አጫውቶት በማግሥቱ አነሣው፤ የጻፈልኝም «ሚዛን የለውም፣ መካከሉ ክፍት ነው» የሚል ብቻ ነበር። የዚያን ምሽት ዴሞ፣ ማለትም የጨዋታውን ቅጂ፣ እንዲልክልኝ በትሕትና ብለምነው ጊዜ እንደሌለው ገልጾ ከቡድኑ አስወጣኝ። ፋይሉ በእጁ ነበር፤ መላኩም ከደቂቃዎች በላይ አይወስድበትም ነበር። ለወራት ሌሊት ሌሊት የደከመ ሰው ቢያንስ የተሳሳተበትን እንዲያይ ሊፈቀድለት ይገባል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያ ዴሞ ተልኮልኝ ቢሆን ኖሮ ስድስቱን ሳምንት አላጠፋም ነበር፤ ዳሩ ግን «መካከሉ ክፍት ነው» የሚለውን ቃሉን ይዤ በሩን አጠበብሁ፣ ሣጥኖች ደረደርሁ፣ ጣራ አወረድሁ። መተላለፊያው እየጠበበ ሄዶ ተከላካዮቹ በአንድ የጭስ ቦምብ የሚዘጉት ጉድጓድ ሆነ፤ አጥቂዎቹም ማሸነፍ አቃታቸው። አንተ አሁን ልትጀምረው ያሰብኸው ይህንኑ ነው።

ያዳነኝ፣ ዐሥር ጓደኞቼን ለምኜ በአንድ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮቻችንን አያይዘን ሁለት ሌሊት መጫወታችን ነው። ሁሉንም ዙር ቀዳሁና ዴሞውን በቲክ እየቆጠርሁ ተመለከትሁት። ቲክ ሰርቨሩ ጨዋታውን የሚያድስበት አንዱ ቅጽበት ነው፤ በ64 ቲክ ሰርቨር አንድ ሰከንድ 64 ቲክ ስለሆነ ከማንኛውም የእጅ ሰዓት ይበልጣል። የፊተኛውና የኋለኛው አጥቂ ልዩነት 98 ቲክ ሆኖ ሳየው ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለጸልኝ። የድሮውን በር ከተቀመጠ ቅጂ መልሼ፣ አምስቱን ነጥቦች ከግቢው በስተኋላ ወደነበረው ሰፊ የጭነት መድረክ ወሰድኋቸውና ሁሉም ከበሩ እኩል እንዲርቁ በቅስት መልክ አስቀመጥኋቸው። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ቅርቡ 1900፣ ሩቁ 1960 ዩኒት ሆነ፤ ፈጣኑ አጥቂ በ7.6 ሰከንድ ይደርሳል፣ የዘገየው ተከላካይ በ7.4 አልፏል። አንድ ጡብ ሳልጨምር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ሥራ ካርታው ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰርቨር ወስዶ በቋሚነት ያጫወተው ይህንኑ ካርታ ነው፤ በዚህም እኮራለሁ።

ስለዚህ ለሁለቱም ቡድን ዐሥሩን ነጥቦች በወረቀት ላይ ጻፍና፣ ከእያንዳንዱ ወደ ሁለቱ የቦምብ ቦታዎችና ወደ መካከሉ ራስህ ቢላ ይዘህ ሩጥ፤ ሠላሳ ሩጫ ይሆናል። በሐመር ላይ በማስመሪያ መለካት አይበቃም፤ ደረጃው፣ መዝለያውና መታጠፊያው ጊዜ ይበላሉና። ከዚያ አማካዩን ተወውና የፈጣኑን አጥቂ ሰዓት ከዘገየው ተከላካይ ሰዓት ጋር አስተያይ። መነሻህ ሁለት መውጫ ካለው፣ ለአንዱ እኩል ያደረግኸው ቅስት ለሌላው እኩል ላይሆን ይችላል፤ በዚህ አትጨነቅ፣ ፈጣኑ አጥቂ የዘገየውን ተከላካይ እስካልቀደመ ድረስ ልዩነቱ አይጎዳም።

ከመነሻ ነጥብ በቀጥታ ወደ መካከል ማየት መቻሉንም ጠቅሰህ፣ ደስት 2 በተባለው ታዋቂ ካርታ ላይ ስለነበረ ችግር የለውም ብለሃል። እኔም በ2001 እ.ኤ.አ. ዴቭ ጆንስተን የሠራውን ያንን ካርታ አብነት አድርጌ ነበር። እዚያ ለረጅም ዓመታት አጥቂው ከመነሻው አካባቢ ሆኖ ያይ የነበረው ግን በሁለት በሮች መካከል ያለች ጠባብ ስንጥቅ ነበረች፤ የሚያቋርጠው ተከላካይ ለቅጽበት ብቻ ይታይ ነበር። የእኔ በር ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነበር፤ ከላክኸው ሥዕል እንደማየው ያንተም እንደዚያው ነው። ነጥቦቹን ካስተካከልህ በኋላ ያን የእይታ መስመር በአንድ የቆመ መኪና ቁረጠው።

ካርታህን ለዴዝማችም፣ ማለትም የሞተ ሁሉ ወዲያው እንደገና ለሚነሣበት አጨዋወት፣ ልታውለው ከፈለግህ እነዚህን ነጥቦች አትጠቀምባቸው፤ ለእርሱ የተለዩ መነሻዎችን በመላው ካርታ ላይ፣ ቢያንስ ሁለት ማምለጫ ባላቸው ቦታዎች በትናቸው።

ሠላሳውን ሩጫ ስትጨርስ ሰንጠረዡንና ካርታው ከላይ የሚታይበትን ሥዕል እዚሁ ለጥፈው፤ ነጥብ በነጥብ አይልሃለሁ። የጨዋታ ዴሞ ካለህም ጨምርበት፤ እኔ የተከለከልሁትን ማንም እንዲከለከል ስለማልፈልግ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው እመለከተዋለሁ።