«ገቺ» ወይስ «አጋጅ»? ስለሚጥል በሽታ ስንጽፍ

ጥያቄ፦ የጤና ጽሑፎችን እተረጉማለሁ። ስለሚጥል በሽታ ስጽፍ «የፕሮቲኖች መስተጋብር መዛባት የአንጎልን አጋጅ መልእክት ያዳክማል» አልሁ። አርታኢዬ «ከልካይ» ይሻላል አለኝ፤ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ገቺ» በል ይለኛል። የትኛው ያስኬዳል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። «መከልከል» የሕግና የትእዛዝ ቃል ስለሆነ ለነርቭ ሕዋስ አይመችም። «ማገድ» ግን የባሰ ችግር ያመጣል። ጋባ በአብዛኛው የነርቭ ሕዋሳትን የሚያረጋጋ የአንጎል ኬሚካል ነው፤ የሚያርፈውም ሕዋሱ ላይ ባለ «ተቀባይ» በሚባል ባለ ቀዳዳ ፕሮቲን ላይ ነው። ፒክሮቶክሲን የተባለው መርዝ የዚህን ተቀባይ ቀዳዳ ያግዳል፤ ውጤቱም ማንቀጥቀጥ ነው። ጋባንም ፒክሮቶክሲንንም «አጋጅ» ካልናቸው፣ አንዱ ሕዋሱን የሚያረጋጋ፣ ሌላው ያንን ማረጋጊያ የሚያከሽፍ መሆኑን አንባቢ በምን ይለየዋል? «ማገድ»ን መተላለፊያ ለሚደፍን ነገር ብቻ ያቆዩት።

«መግታት» ልጓም የተሳበበትን ፈረስ ያስታውሳል፤ ፈረሱ ሩጫው በረደ እንጂ አልታሰረም። ጋባም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ የክሎራይድ መተላለፊያ ይከፈታል፤ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ሕዋሱም በቀላሉ አይነሣሣም። ስም ሲያወጡለት ግን «እገታ» እንዳይሉ አደራ። እሱ የ«አገተ» ልጅ ነው፤ ዛሬ አንባቢ ሲያየው የሚታሰበው የተጠለፈ ሰው ነው። «መግታት» ይበቃል።

«መስተጋብር» ለርእስ ጥሩ ነው። ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ማን ምን እንዳደረገ ይሸፍናል፣ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው። ከላይ ያነሣነው የጋባ ተቀባይ (ጋባ-ኤ ይባላል) ከ5 የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ በብዛት 2 አልፋ፣ 2 ቤታና 1 ጋማ። ጌፊሪን የተባለው ፕሮቲን ከሕዋሱ ሽፋን ሥር ሆኖ ተቀባዩን ሲናፕሱ ላይ፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሕዋሳት መልእክት በሚቀባበሉበት መገናኛ ላይ፣ ይይዘዋል፤ ኮሊቢስቲን ደግሞ ጌፊሪንን ወደ ሽፋኑ ያመጣዋል። የኮሊቢስቲን ጂን ሲጎዳ ጌፊሪን በቦታው አይሰበሰብም፣ ተቀባዮቹም ከሲናፕሱ ይሳሳሉ። የዚህ ጂን ጉድለት ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ግሡን ቢያገኝ ይቃናል፦ «ጌፊሪን ተቀባዮቹን ሲናፕሱ ላይ መያዝ ሲያቅተው ገቺው መልእክት ይደክማል»።

«ገቺ»ን ለመልእክቱ እንጂ ለጋባ የዘወትር ቅጽል አያድርጉት። ኬሲሲ2 የተባለው ፕሮቲን ክሎራይድን ከሕዋሱ እያወጣ ውስጡን ዝቅተኛ ያደርገዋል። ይህ ፕሮቲን ሲቀንስ ክሎራይድ ውስጥ ይከማቻል፤ ያኔ ጋባ ቀዳዳውን ሲከፍት ክሎራይዱ ወደ ውጭ ሊወጣና ሕዋሱን ሊያነሣሣው ይችላል። በጆሮ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል (ቴምፖራል ሎብ) የሚነሣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በተወሰደ የአንጎል ሥጋ ላይ፣ በከፊሉ ሕዋሳት ይህ ታይቷል። «ገቺው ጋባ አነሣሣ» ብለው ቢጽፉ ዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይቃረናል፤ «ጋባ አነሣሣ» ካሉ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ቦታ ከ5 ደቂቃ በላይ የዘለቀ መንቀጥቀጥ ነው። ብዙ ጊዜ «ተቀባዮቹ ይጠፋሉ» ተብሎ ይጻፋል። ልክ አይደለም። የጋማ ክፍል ያላቸው ተቀባዮች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይሳባሉ። መንቀጥቀጥን ለማስቆም የሚሰጠው ዲያዜፓም የተባለው መድኃኒት የሚያርፈው በአልፋና በጋማ መገናኛ ላይ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ላይ የሚይዘው ተቀባይ ባነሰ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። «ይሳባሉ» ሲሉ አንባቢው መድኃኒቱ ቶሎ መሰጠት ያለበት ለምን እንደሆነ ከግሡ ያገኘዋል፤ «ይጠፋሉ» ሲሉ ግን ይህ ምክንያት አብሮ ይጠፋል።