«እኔ ሲኢኦ እያለሁ» የሚሉን አስተማሪዎች (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ስለ ሆስፒታልና ጤና አስተዳደር ማስተርስ የመጡት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ ሶስቱን አንድ ላይ ይዣቸዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ነርስ ነኝ፣ በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ሆኜ እየሰራሁ ቅዳሜና እሁድ በሆስፒታል አስተዳደር ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ግማሾቹ አስተማሪዎቻችን ፒኤችዲ ያላቸው የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው፣ ሌሎቹ ግን ሆስፒታል ሲመሩ የኖሩ ወይ ጤና ቢሮ ትልቅ ቦታ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የነሱ ክላስ ደስ ይላል፣ ግን «እኔ ሲኢኦ (የሆስፒታሉ ዋና ስራ አስኪያጅ) እያለሁ» ብለው ይጀምሩና ስላይዱ ሳይነካ ሰዓቱ ያልቃል። ፈተናው ደሞ የሚመጣው ከስላይዱ ነው። አሁን ተማሪዎቹ «ከስላይድ ውጪ እንዳያስተምሩን» የሚል አቤቱታ ለዲፓርትመንቱ ሊያስገቡ ነው፣ እኔም እንድፈርም እየጠበቁኝ ነው። ምን ትመክረኛለህ? (ሜ. ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን ባለበት መልኩ ከሆነ አትፈርሚ። ፈተናውና ክላሱ አልተገናኙም የሚለው ቅሬታችሁ እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ግን ከስላይድ አይውጡ ካላችሁ የምትጎዱት ራሳችሁ ናችሁ፣ ስላይዱን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ማንበብ ትችያለሽ፣ ሰውየውን ግን ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የት ታገኛቸዋለሽ?

ትንሽ ወደኋላ ልመልስሽ። እኛ ሀገር ለረጅም ግዜ ሆስፒታል የሚመራው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነበር፣ ማለትም ጠዋት ራውንድ ወጥቶ ኦፕሬሽን ገብቶ የዋለ ሀኪም ከሰዓት ደሞ ፕሮፎርማ ይፈርማል፣ የጥበቃ ቅጥር ያያል፣ የጀነሬተር ናፍጣ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል ማኔጅመንት ኢኒሼቲቭ የሚባለውን ሲጀምር፣ በጤና ማኔጅመንት የሰለጠኑ ሰዎችን ከውጭ አምጥቶ ከኛ ሆስፒታል ኃላፊዎች ጎን ነው ያስቀመጣቸው፣ ስራው ያለው እዛው ግቢ ውስጥ ስለሆነ። ከዛ በ2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርሱን ከፈተ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም ስራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ሲኢኦዎች ነበሩ፣ ክላስ ገብተው ይማራሉ፣ ወደ ሆስፒታላቸው ይመለሳሉ፣ የተማሩትን እዛው ይሞክሩታል። እና ይሄ ትምህርት እዚ ሀገር ሲገባም ከስራው ጋር ተጣብቆ ነው የገባው። ዛሬ ሆስፒታል መርቶ ያለፈ ሰው ክላስሽ ሲመጣ የዛ ሀሳብ ቀጣይ ነው ብለሽ እይው።

ስለዚ ታሪክ መንገራቸው በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ ታሪኩ ሳይፈተሽ ማለፉ ነው፣ እሱ ላይ ደሞ ተማሪውም ድርሻ አለው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በደንብ ላሳይሽ። አስተማሪሽ «እኔ ሲኢኦ እያለሁ ከወረዳዎቹ ጋር ተሟግቼ የጤና መድህኑን ብር አስመለስኩ» አሉ እንበል። ክላሱ ያደንቃል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንቺ እዛች ጋር እጅሽን አንሺ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው እዚ የደረሰው፣ አሰራሩን አንቺም በስራሽ ታውቂዋለሽ። አባሉ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፣ ሆስፒታሉ ቀድሞ ያክመዋል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ከዛ ሂሳቡን ሰብስቦ ለወረዳው መድህን ይልካል። አንድ ማዘዣ ላይ ፊርማ ከጎደለ ወይ የካርድ ቁጥሩና የመታወቂያ ቁጥሩ ካልገጠመ ይመለሳል። የተመለሰው ወረቀት ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፣ እዛ ውስጥ የተያዘው ብር ደሞ መድኃኒት የሚገዛበት ብር ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የፋርማሲው መስኮት ላይ ያለችው ባለሙያ ልጇን አዝላ ለመጣች እናት «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ትላታለች። ያቺ እናት መድህን የገባችው እኮ በታመመች ቁጥር ከኪሷ ላለማውጣት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን አልከፍልም ብትል ማን ይፈርድባታል?

አሁን ጠይቂያቸው። የተያዘው ስንት ብር ነበር፣ ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ምን ያህሉ ማለት ነው፣ ወረቀቱ ጎድሎ የሚወጣው ከካርድ ክፍል ነው ከኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ነው ከፋርማሲ፣ ከመላኩ በፊት ማን ነበር የሚያየው፣ ሀኪሞቹ ማዘዣውን በስርዓት ሙሉ ሲባሉ ምን አሉ፣ «እኔ በቀን ይሄን ሁሉ በሽተኛ እያየሁ ደሞ ፎርም ልሙላ?» ያለውን ሀኪም እንዴት አሳመኑት፣ ወይስ ሳያሳምኑት ሌላ ሰው መደቡ? ቦርዱስ ምን አለ? እዚ ውስጥ የፋይናንሱም፣ የሰው ሀብቱም፣ የኳሊቲ ኢምፕሩቭመንቱም (የጥራት ማሻሻያው) ስላይድ ተጠቃሎ አለ፣ ልዩነቱ ፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ቢሮሽ ስትገቢ የምትጠቀሚበት መሆኑ ነው። አንቺ ደሞ ሜትሮን ስለሆንሽ የሚጎድለው ፊርማ ከማን እንደሆነ በሚቀጥለው ቀን ወርደሽ ማየት ትችያለሽ፣ አይተሽም መልሰሽ ክላስ ውስጥ አምጪው።

በርግጥ ልምድ ያለው ሁሉ አስተማሪ ይሆናል አልልም። አንዳንዱ የሚያወራው ያሸነፈበትን ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም፣ የተቃወመው ሰው ስም ባይጠራም ሀሳቡ እንኳን አይነሳም፣ እንደዛ ያለው ክላስ ጊዜያችሁን ይበላል፣ ከፍላችሁ ነው የምትማሩት። ለዚ መፍትሄው ግን ሰውየውን ስላይድ ማስነበብ አይደለም፣ ዲፓርትመንቱ አንዱን ኮርስ ለሁለት ሰው ይስጠው፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር ንድፈ ሀሳቡንና ጥናቱን ይያዝ፣ የሆስፒታል ሰውየው እውነተኛ ኬስ ያምጣ፣ ፈተናውን አብረው ያውጡ። መምህሩ «ይሄ ያንተ ሆስፒታል ላይ ሰራ፣ ሌላ ቦታ ግን ለምን አልሰራም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያንን ሲከራከሩ መስማት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አቤቱታውን እንዲ አድርጋችሁ ጻፉትና ያኔ ፈርሚ።

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ስራ አስኪያጅነት ረጅም ዘመን ሰርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተማሪዎች የጤና ፋይናንስ በፓርት ታይም እንዳስተምር ጠይቆኛል። የላኩልኝ ስላይድ ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፣ ለኛ ሆስፒታል ብዙም አይገጥምም። የማውቀውን ላስተምር ስል ደግሞ የቀድሞ መስሪያ ቤቴን ገመና የማወጣ ይመስለኛል። በዚያ ላይ አስተምሬ አላውቅም። (አንባቢ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ እሺ ይበሏቸው። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ብዙው የትም አልተጻፈም፣ እርስዎ ካላስተማሩት እዛው እርስዎ ጋር ነው የሚቀረው።

ስላይዱንም አይጣሉት፣ ተማሪው የወጪ አይነቶችን፣ የበጀት አሰራርን፣ ሪፖርት ማንበብን በስርዓቱ መማር አለበት፣ ያለዚያ የርስዎ ታሪክ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። ግን ለያንዳንዱ ምዕራፍ ከራስዎ ስራ አንድ ውሳኔ ይምረጡለት፣ መጨረሻውን ደሞ ቶሎ አይንገሯቸው፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ክላሱን የሚያጡት እዚ ጋር ይመስለኛል፣ መልሱን አስቀድመው ይነግሩና ተማሪው ሰሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ኦፕሬሽን ክፍል ጓንትና የስፌት ክር ለሁለት ቀን ብቻ የሚበቃ ነው የቀረው ይበሏቸው። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ የለኝም ብሎ የስቶክ አውት ደብዳቤ ሰጥቷል፣ ከግል አስመጪ ሶስት ፕሮፎርማ መጥቷል፣ ርካሹ እቃውን የሚያስረክበው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ውዱ ዛሬውኑ ያመጣል፣ በጀቱ ደሞ ውዱን ለመግዛት ካልተዛወረ አይበቃም፣ ሰርጀኑ በር ላይ ቆሟል። ወረቀቶቹን አባዝተው በቡድን ይስጧቸውና ምን ትፈርማላችሁ ይበሉ። አንዱ ቡድን ኦፕሬሽኖቹን እናስተላልፍ ይላል፣ ሌላው ከጎረቤት ሆስፒታል እንበደር ይላል፣ ኦዲተር ምን ይለናል ብሎ የሚፈራም አይጠፋም። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ነው የእርስዎን ውሳኔ መስማት ያለባቸው፣ በመጨረሻ ምን እንዳስከፈለዎትም ጨምረው።

የገመናውን ነገር መፍራትዎ ትክክል ነው። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የሰራተኛ ዲሲፕሊን ነገር ከወረቀቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። የሆስፒታሉ ስምና ከተማውም አያስፈልግም፣ ዓመቱንም ሊያወጡት ይችላሉ። ኦዲት ላይ ወይ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ከሆነ ጭራሽ አያንሱት። ከዚ ውጪ ያለው ግን ሀሜት አይደለም፣ የሙያ ትምህርት ነው፣ ሀኪሞች በየሞርኒንግ ሴሽኑ የሞተ በሽተኛ ኬስ አንስተው ይወያዩ የለ እንዴ፣ የአስተዳደር ሰዎች ለምን እንደሚደብቁ አይገባኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አሰራር ይቀየራል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታል ሪፎርም መመሪያ በ2016 በወጣው የአገልግሎት ትራንስፎርሜሽን መመሪያ ተተክቷል፣ ከዛ ወዲህም ብዙ ነገር ዲጂታል ሆኗል። ስለዚ ክላሱ ከመጀመሩ በፊት የቀድሞ ባልደረቦችዎ ጋር ሄደው አሁን ምን እንደሚሰራበት ይዩ፣ ከተቻለ ከስራ ላይ ያለ የፋይናንስ ኃላፊ ወይ የፋርማሲ ኃላፊ አንድ ቀን ይጋብዙ። ለፈተና ደሞ ምርጫ ጥያቄ ብቻ አያድርጉት፣ ለቦርድ የሚቀርብ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ያስጽፏቸው፣ በአንድ ገጽ ብር ጠይቆ ቦርድ ማሳመን የሚችል ሰው ሆስፒታሎቻችን በጣም ይፈልጋሉ። አስተምሬ አላውቅም ስላሉት ግን አይጨነቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ክላሶች ከዩኒቨርሲቲው መምህር ጋር አብራችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አርኤን (ፈቃድ ያለኝ ነርስ) ነኝ። ኤም ኤች ኤ (የጤና አስተዳደር ማስተርስ) ኦንላይን ልጀምር ስፈልግ ሁሉም ትምህርት ቤት «ልምድ ባላቸው የጤና መሪዎች የሚሰጥ» ይላል። ዋጋው ብዙ ነው፣ እውነተኛውን በምን ልለይ? (ዳ.)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናንተ ሀገር ይሄ ትምህርት የቆየ ነው፣ የመጀመሪያው የሆስፒታል አስተዳደር የድህረ ምረቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1934 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው የተከፈተው፣ ስለዚ ጥሩና መጥፎውን የሚለይ ስርዓትም አለ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሲ ኤ ኤች ኤም ኢ በሚባለው፣ የጤና አስተዳደር ፕሮግራሞችን ጥራት መዝኖ እውቅና በሚሰጠው አካል አክሬዲት መደረጉን ድረ ገጻቸው ላይ እይ፣ ኦንላይን የሆኑትንም ያካትታል። የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ አክሬዲቴሽን ሌላ ነው፣ እሱን ነግረው እንዳያሳልፉህ።

ከዛ የአስተማሪዎቹን ስም ጠይቅና እያንዳንዱን ፈልግ። አሁን የት ነው የሚሰራው፣ ሆስፒታል ነው ወይስ ኮንሰልቲንግ ብቻ፣ ስሙ ጎን ኤፍ ኤ ሲ ኤች ኢ ካለ የአሜሪካ የጤና ኤግዚኪዩቲቮች ኮሌጅ ፌሎው ነው ማለት ነው፣ ያ ፈተና ተፈትኖ፣ የአመራር ልምዱም ታይቶ የሚሰጥ ስለሆነ መረጃ ይሆንሃል። ግን ማዕረጉ ብቻ በቂ አይደለም፣ ብዙዎቹ በኮርስ እየተከፈላቸው ከስራ በኋላ ማታ የሚያስተምሩ ናቸው፣ ኢሜይል እንኳን የማይመልስ ቫይስ ፕሬዚዳንት ምንም አያደርግልህም። ስለዚ ከተመረቁት ውስጥ ከሀበሾቹም ከሌሎቹም አግኝተህ አናግር፣ አስተማሪው ወረቀታችሁን አንብቦ ኮመንት ይሰጣል ወይ፣ ሆስፒታሉ ወስዶ ሚቲንግ ላይ ያስቀምጣችኋል ወይ፣ ለአድሚኒስትሬቲቭ ፌሎሺፕ (ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል አመራር ስር ለሚሰጥ የስራ ላይ ስልጠና) ስታመለክቱ ደውሎ ይናገርላችኋል ወይ በላቸው። ላንተ በተለይ ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ነው፣ ከቤድ ሳይድ (በሽተኛ ከማስታመም ስራ) ወጥቶ ወደ ማኔጅመንት መግባት እዛ ሰው ማወቅ ይፈልጋል፣ እኛ ልጆች ደሞ ስራችንን ሰርተን ዝም ብለን ወደቤት እንሄዳለን።

አንድ ቀን ሀገር ቤት ገብቼ እሰራለሁ የሚል ሀሳብ ካለህ ደሞ ኮርስ ስትመርጥ አስብበት። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግስት የጤና መድህን) እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለሆስፒታል የሚከፍለው ለበሽታው አይነት አስቀድሞ በተተመነ ዋጋ ነው፣ የፋይናንስ ክላስህ ብዙው በሱ ዙሪያ ይሆናል፣ እዛ ለመስራት የግድ ነው፣ እዚ ግን ብዙም አትጠቀምበትም። የኳሊቲ፣ የበሽተኛ ፍሰትና የሰራተኛ አመራር ኮርሶች ግን የትም ብትሄድ አብረውህ ይሄዳሉ፣ እነሱን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ አጥብቀህ ጠይቅ። ሲላበሱን (የኮርሱን ዝርዝር እቅድ) እና የአስተማሪዎቹን ዝርዝር ካልላኩልህ የመመዝገቢያውን ብር አትክፈል።