ጎማ፣ ቸርኬና የኤሌክትሪክ መኪና ጉልበት፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማና ቸርኬ ስለመቀየር የሚጠይቁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው ሰው በዝቷል፤ የብዙ ጎሚስታ ቤቶች አሠራር ግን ገና ነዳጅ መኪናውን የተከተለ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን አንባቢ ራሱ እንዲያሰላቸው አድርገን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ፎልክስዋገን አይዲ 4 አለኝ፤ ከኋላ የሚነዳ፣ ቸርኬው 19 ኢንች ነው። ለውበት ብዬ ወደ 21 ኢንች ልቀይረው አስቤያለሁ። ጓደኞቼ «ቸርኬው ስለሚከብድ መኪናው ጉልበት ያጣል» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጉልበቱን የሚወስነው የቸርኬው ኢንች ብቻውን አይደለም፤ ጎማው ተገጥሞ ከመሬት እስከ አናቱ ያለው ቁመት ነው። የሞተሩ ቶርክ (የማዞር ኃይል) መንገዱ ላይ ሲደርስ ለጎማው ራዲየስ ይካፈላል። ጎማው በረዘመ መጠን የሚገፋው ኃይል ያንሳል። ቁመቱን ለማወቅ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 ያባዙ። ከዚያ የጎማውን ስፋት በመቶኛ ቁጥሩ አባዝተው ለ100 ያካፍሉ፣ የመጣውን እጥፍ አድርገው ከመጀመሪያው ጋር ይደምሩ።

የእርስዎ መኪና የኋላ ጎማ 255/50 አር 19 ከሆነ (255 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 50 መቶኛ ቁጥሩ፣ 19 የቸርኬው ኢንች ነው) ቁመቱ 737.6 ሚሊ ሜትር ነው። 255/40 አር 21 ደግሞ 737.4 ይመጣል፤ ስለዚህ ቁመቱ አልተለወጠም ማለት ነው። ከፊት 235/55 አር 19 የነበረው 235/45 አር 21 ይሆናል፤ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስህተቱ የሚመጣው ሻጩ «40 የለም፣ 45 ውሰድ» ሲል ነው። 255/45 አር 21 ቁመቱ 763 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ3.4 ከመቶ ይረዝማል። የመነሻ ግፊቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ወደማሳየት ያዘነብላል፣ ጎማውም የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ፕላስቲክ ሊነካ ይችላል።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዳጁ የሚለይበት ነገር አለ። ሞተሩ ሙሉ ቶርኩን የሚሰጠው ከመነሻ እስከ አንድ ፍጥነት ድረስ ነው፤ በእርስዎ መኪና ዓይነት ይህ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚገድበው ቶርኩ ሳይሆን የሞተሩ ኪሎዋት ነው፤ በአንድ ፍጥነት ላይ ያለው ግፊትም ከጎማው ቁመት ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ የረዘመ ጎማ ከመብራት ላይ ሲነሱ ያጓትታል፣ ከ80 በላይ ለመቅደም ሲረግጡ ግን ያን ያህል አይታወቅም።

ክብደቱ ደግሞ ሰው ከሚያወራው ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ጎማና ቸርኬ በ3 ኪሎ ቢከብድ በአራቱ 12 ኪሎ ይሆናል። የሚሽከረከር ነገር ወደፊት ከመሄዱ ሌላ መዞርም ስላለበት፣ ለሞተሩ ወደ 20 ኪሎ ጭነት ሆኖ ይሰማዋል። መኪናው 2,100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ይህ 1 ከመቶ ነው። ከ0 እስከ 100 በ8.5 ሰከንድ የሚደርስ መኪና ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ያጣል ማለት ነው፤ ይህን ሰውነት አይለየውም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላው ነው። ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መንገዱ ያለው የጎማ ግድግዳ ከኋላ ከ127 ወደ 102 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ሲገቡ ድንጋጤውን የሚውጠው ያ ግድግዳ ነው፤ ባትሪ የተሸከመ ከባድ መኪና ላይ ሲሳሳ ቸርኬው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ጎማው ጎኑ ላይ ያብጣል። ያበጠ ጎማ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ አይጠገንም። ለአዲስ አበባ መንገድ በ19 ኢንቹ ይቆዩ እንላለን። ካልሆነ ግን ልኩ ከላይ የጻፍነው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ጥሩ የመርሰዲስ ቸርኬ አግኝቻለሁ። አምስት ቡሎን ነው፣ ቀዳዳውም ከአይዲ 4 ጋር ልክ ነው አሉኝ። ልግዛው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የቡሎኖቹ ክብ ልክ በሁለቱም 5 በ112 ነው፤ አምስት ቡሎን 112 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ማለት ነው፤ እስከዚህ ድረስ እውነታቸውን ነው። ግን የመሐል ቀዳዳው በመርሰዲሱ 66.6፣ በፎልክስዋገኑ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሐል ብረት) ላይ 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ከ66.6 ወደ 57.1 የሚያወርድ ቀለበት ሳይገባ ከታሰረ ቸርኬው መሐሉን አይዝም፤ ባላንስ ቢሠራም በ80 እና በ100 መካከል መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ በትክክለኛው ልክ ይግዙት እንጂ ብረት አያስቆርጡ።

ቀጥሎ ቡሎኑ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚህ ነው። የፎልክስዋገን ቡሎን ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ፊት ክብ ሆኖ ራዲየሱ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመርሰዲሱ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ቡሎን ደግሞ ራዲየሱ 14 ነው፤ ከመኪናው ፋብሪካ ውጭ ተሠርተው የሚሸጡ ቸርኬዎች ብዙዎቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋሉ። ጥርሱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም የጠበቀ ይመስላል። ፊቱ ካልገጠመ ግን በቀጭን መስመር ብቻ ስለሚነካካ እየነዱ ይላላል። ቸርኬው የሚፈልገውን ፊት ያለው፣ የፎልክስዋገኑን ጥርስ የያዘ ቡሎን ያስፈልግዎታል።

ርዝመቱንም ይለኩ። በእጅ ሲያስገቡ ወደ 9 ሙሉ ዙር ሊገባ ይገባል። ካጠረ ጥርሱ ይበላል። ከረዘመ ደግሞ አይዲ 4 ከኋላ የከበሮ ፍሬን ስላለው ጫፉ ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ይመታል። መኪናው እንደተነሳ ቸርኬውን በቡሎኖቹ አስረው በእጅ ያዙሩት፤ ከተያዘ ወይም ድምፅ ካሰማ ረዝሟል።

ከቸርኬው ጀርባ በኪሎ የተጻፈ የጭነት ቁጥር አለ። በበሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ የኋላውን አክስል ከፍተኛ ጭነት ወስደው ለሁለት ያካፍሉ፤ የቸርኬው ቁጥር ከዚያ ካነሰ አይግዙት። ለቀላል ሴዳን የተሠራ ቸርኬ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው። በጎማውም ላይ እንዲሁ ነው፦ ከልኩ ቀጥሎ 94 የሚል ጎማ 670፣ 105 የሚለው 925፣ 107 የሚለው 975 ኪሎ ይሸከማል። ከፋብሪካው ቁጥር መውረድ የለም።

በመጨረሻ ከፊት ገጥመው መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል ያዙሩ፤ በቸርኬውና በፍሬን ፒንሳው መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይኑር። ቡሎኖቹን በሰያፍ እያቀያየሩ፣ በቶርክ ቁልፍ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ልክ ያጥብቁ። የአየር መፍቻው ለመፍታት ይሁን፤ ለማጥበቅ አይፍቀዱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። ቶዮታ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 2,700 የሚጠጉ አዳዲስ ቢዚ4ኤክስ መኪኖችን የጠራው የሞዞ ቡሎኖች ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ ስለሚችል ነበር። ፋብሪካውን ያስጨነቀ ነገር በመንገድ ዳር በግምት አይታለፍም።

ጥያቄ፦ አራቱን ጎማ ርካሽ በሆነ ቀየርኩ፤ ልኩ ያው ነው። መኪናው አነሳሱ አልተለወጠም፣ በአንድ ቻርጅ የምሄደው ግን በ50 ኪሎ ሜትር ያህል ቀነሰ። ባትሪዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ባትሪውን ከመጠርጠርዎ በፊት ጎማውን ይመልከቱ። የአውሮፓ ገበያ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ጎማው ሲንከባለል የሚበላውን ኃይል ከኤ እስከ ኢ ይመድበዋል። ኤ ማለት በአንድ ቶን ጭነት 6.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትት ነው፤ ዲ ከ9.1 እስከ 10.5 ነው። ከ6.5 ወደ 10 ብንሄድ 2,100 ኪሎ በሚመዝን መኪና ላይ ወደ 72 ኒውተን ተጨማሪ መጎተት ይሆናል። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሞተሩ ብክነት ሲጨመር 2.2 ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 17 ትበላ የነበረች መኪና 19.2 ትበላለች፤ በ77 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 450 የነበረው ወደ 400 ይወርዳል። የእርስዎ 50 ኪሎ ሜትር እዚሁ ተገኘ።

አነሳሱ ያልተለወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙሉ ሲረግጡ ሞተሩ የሚገፋው በሺዎች ኒውተን ነው፤ ከዚያ ላይ 72 ቢቀነስ አይታወቅም። ቀኑን ሙሉ በቋሚ ፍጥነት ሲሄዱ ግን በየሜትሩ ይከፍሉታል። አዲስ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ካረጀው የበለጠ ይጎትታል፤ ስለዚህ ከጠፋው ጥቂቱ እየለበሰ ሲሄድ ይመለሳል። ነፋሱ በበሩ ሰሌዳ ልክ መሆኑንና ኮንቨርጀንሳው (የጎማዎቹ አቅጣጫ) አለመዛባቱንም ያስዩ።

ጥያቄ፦ ባለ 150 ኪሎዋት ቢዋይዲ ዶልፊን ክረምት ሲገባ ሲነሳ ጎማው ይንሸራተታል። ሰፋ ያለ ጎማ ይሻለኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ዶልፊን ከፊት ነው የሚነዳው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚነዱት የፊት ጎማዎች በሚፈለጉበት ሰዓት ይቀልላሉ። ስፋት ይህን አይፈታም፤ በውሃ ላይ እንዲያውም ሰፊ ጎማ ቶሎ ይንሳፈፋል። በፋብሪካው ልክ ይቆዩና በእርጥብ መንገድ ላይ ያለው ደረጃ ኤ ወይም ቢ የሆነ ጎማ ይግዙ። ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ክረምትን አይጠብቁ። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይዝም። ሁለት ጥሩ ጎማ ብቻ ካለዎት ለአነሳስ ብለው ከፊት አያድርጉት፤ ኋላው ከተንሸራተተ መኪናው ይዞራል።

ጥያቄ፦ ቴስላ ሞዴል 3 አለኝ፣ 18 ኢንች። 20 ኢንች፣ ስፋቱ 9.5፣ ኢቲ 35 የሆነ ቸርኬ ልገጥም ነው። ይገባል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የፋብሪካው 8.5 ኢንች ስፋትና ኢቲ 40 ነው፤ ኢቲ ማለት የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከስፋቱ መሐል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ነው፤ ቡሎኑ 5 በ114.3፣ የመሐል ቀዳዳው 64.1። አዲሱ ወደ ውጭ 17.7፣ ወደ ውስጥ 7.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ከፍታው ያልተነካ መኪና ላይም ቢሆን የኋላውን ፓራፋንጎ ሰው አስጭነው ሳያዩ አይጨርሱ፤ ዝቅ የተደረገ ከሆነ ሊፋተግ ይችላል። ጎማው 235/35 አር 20 ከሆነ ቁመቱ በ0.6 ከመቶ ብቻ ስለሚጨምር አነሳሱ አይጎዳም። ዳዶው በ175 ኒውተን ሜትር ይታሰራል።

የሚያጡት ርቀት ነው። በ2022ቱ ሞዴል ኤስ ፕሌድ ላይ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አኃዝ በ19 ኢንች 396፣ በ21 ኢንች 348 ማይል ነበር፤ ወደ 12 ከመቶ ልዩነት። ክፍት ቸርኬ ነፋሱን ያውካል፤ የ18 ኢንቹ የፕላስቲክ ክዳን የተሠራው ለዚህ ነው። ከገጠሙ በኋላ በመኪናው ስክሪን ከሰርቪስ ማውጫ የጎማውን ዓይነት ይቀይሩ፤ አለዚያ የርቀት ግምቱ ያሳስትዎታል። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ስለሚደርቅ ለሜሪላንድ ክረምት 18 ኢንቹን አይሽጡት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስወርድ ነፋስ ልቀንስ ወይስ ልጨምር? (ከቦሌ)

መልስ፦ አይቀንሱ። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ2,350 ሜትር ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ንባቡ በ2 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ5.5 ዲግሪው ወደ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ሁለቱ በአብዛኛው ይቻቻላሉ። እዚያ ካደሩ ጠዋት ሳይነዱ ለክተው በሰሌዳው ልክ ያስተካክሉ። በሞቀ ጎማ ላይ ነፋስ ማስወጣት ሌሊት ሲቀዘቅዝ የጎማውን ነፋስ ከልኩ በታች ያወርደዋል።

ጥያቄ፦ ጎሚስታው ክሪኩን መሐል ወለሉ ላይ ሲያስገባ አስቆምኩት። ልክ ነኝ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ልክ ነዎት። ወለሉ የባትሪው ሳጥን ነው፤ ከተጨፈለቀ ጥገናው ከጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከአራቱ ጎማዎች አጠገብ በጎን በኩል የተዘጋጁ ነጥቦች አሉ፤ ክሪኩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተደርጎ በእነሱ ብቻ ይነሳ። ጎማዎ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ከሆነም አስቀድመው ይንገሩት፤ ድምፅ ለመቀነስ ነው የተደረገው። የተበሳውን ቦታ ለመለጠፍ ስፖንጁ በዚያ በኩል ብቻ ተቆርጦ ይነሳል፣ ቦታው ይጸዳል፣ ከዚያ ከውስጥ ይለጠፋል። ስፖንጁ ላይ ማጣበቂያ የቀባ ሠራተኛ ጎማውን ነፋስ እያስወጣ ይመልስልዎታል።